«ጠላቶቻችሁን ውደዱ» ሲባል ምን ተጠየቅን?

በአገራችን ሁለት ሰዎች መጣላታቸው የሚታወቀው አብዛኛውን ጊዜ በድብድብ ወይም በስድብ ሳይሆን በሰላምታ ነው። «እገሌና እገሌ ሰላም አይባባሉም» ከተባለ ነገሩ ተነግሮ አልቋል። በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሁለት ወንበር ተራርቀው ተቀምጠው አንዱ ለተቀመጠው ሁሉ በየተራ እጁን ሲዘረጋ አንዱን ሰው ብቻ ዘሎ የሚያልፍበትን ቅጽበት ያላየ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ የተዘለለውም ሰው በዚያች ሰዓት አንገቱን ደፍቶ ስልኩን የሚጎረጉር ይመስላል። ኢየሱስ ክርስቶስ ጠላትን ስለ መውደድ ያስተማረው ትምህርት በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 5 መጨረሻ ላይ ይገኛል፤ ብዙዎቻችን «ጠላቶቻችሁን ውደዱ» የሚለውን ቃል በቃል ብናውቀውም፣ ከእርሱ ጥቂት ዝቅ ብሎ «ወንድሞቻችሁንም ብቻ እጅ ብትነሡ ምን ብልጫ ታደርጋላችሁ?» የሚለውን ቁጥር ሳናስተውለው እናልፋለን። እጅ መንሣት ሰላምታ መስጠት ነው። እጅግ ከፍ ያለ የሚመስለው ትእዛዝ መጨረሻው ላይ ያረፈው በዚያ ድንኳን ውስጥ በተዘለለው እጅ ላይ ነው።

ትእዛዙን ለመረዳት በመጀመሪያ ከምን ጋር እየተነጻጸረ እንደተነገረ ማየት ያስፈልጋል። ጌታ «ባልንጀራህን ውደድ ጠላትህንም ጥላ እንደ ተባለ ሰምታችኋል» ብሎ ይጀምራል። የመጀመሪያው ግማሽ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 19 ቁጥር 18 ላይ በግልጽ ተጽፏል፤ «ጠላትህን ጥላ» የሚል ትእዛዝ ግን በኦሪት ውስጥ የለም። እንዲህ ዓይነት አነጋገር በዘመኑ እንደ ነበር የሚያሳየን ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻዎች ከተገኙት ጥቅልሎች አንዱ ነው፤ በዚያ ይኖር የነበረው ማኅበር አባላቱ የብርሃንን ልጆች ሁሉ እንዲወዱ፣ የጨለማን ልጆች ሁሉ ደግሞ እንዲጠሉ በመተዳደሪያ ደንቡ ያዝዝ ነበር። ኦሪት ራሷ ግን የምትናገረው ሌላ ነው። በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 23 የጠላትህ በሬ ወይም አህያ ጠፍቶ ብታገኘው መልስለት፣ የሚጠላህ ሰው አህያም ከነሸክሙ ወድቆ ብታየው ትተኸው አትሂድ፣ ከእርሱ ጋር ሆነህ አንሣው ትላለች።

ይህ የአህያ ነገር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ጭነት የጫነ አህያ ሲወድቅ ምን እንደሚደረግ ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል። አንድ ሰው ብቻውን ሊያነሣው ቢሞክር ጭነቱ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል፣ እንስሳውም ተመልሶ ይወድቃል። አንዱ በቀኝ ሌላው በግራ ቆመው፣ አንዱ ጭነቱን ሲደግፍ ሌላው በጅራቱ ወይም በጎኑ በኩል ሽቅብ እያገዘ፣ «በል አሁን» ተባብለው በአንድ ትንፋሽ ማንሣት አለባቸው። ሕጉ እንግዲህ ሁለቱ ጠላቶች እንዲተቃቀፉም፣ የተጣሉበትንም ጉዳይ በዚያው መንገድ ላይ እንዲፈቱ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ቢያንስ «በል አሁን» እስኪባባሉ ድረስ በአንድ ጭነት ግራና ቀኝ እንዲቆሙ ነው። ለእኔ የተራራው ስብከት ሥር ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ቋንቋችንም በዚህ ትምህርት ላይ የራሱን ብርሃን ይጥላል፤ አንዳንድ ጊዜም ያደናግራል። የግእዙ ወንጌል «አፍቅሩ ጸላእተክሙ» ይላል። ጸላኢ ማለት የሚጠላ ማለት ነው፤ አማርኛው «ጠላት» የሚለውም ቃል ከዚያው «ጠላ» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው። ስለዚህ ትእዛዙ በመጀመሪያ የሚናገረው እኛ ስለምንጠላው ሰው ሳይሆን እኛን ስለሚጠላን ሰው ነው። ልዩነቱ ትልቅ ነው፤ ትምህርቱ ጠላትነት እንደሌለ፣ ወይም ሁሉም የአለመግባባት ውጤት እንደሆነ አያስመስልም። በእርግጥ የሚጠሉ፣ የሚረግሙና የሚያሳድዱ ሰዎች እንዳሉ አምኖ ነው የሚነሣው። የሚያደናግረን ግን «ውደድ» የሚለው ቃል ነው። ዛሬ «ወደድኩት» ስንል ደስ አለኝ፣ ጣመኝ፣ ልቤ አረፈበት ማለታችን ነው፤ «ፍቅር» ስንል ደግሞ ከሁሉ በፊት የሚታሰበን የወጣቶች ፍቅር ነው። በዚህ ፍቺ ከሄድን ልጁን የገደለበትን ሰው ውደድ የተባለ አባት የታዘዘው የማይቻል ነገር ይሆናል፤ ስሜት በትእዛዝ አይመጣምና። አዲስ ኪዳን በተጻፈበት በግሪክኛ እዚህ ቦታ ላይ የገባው ቃል «አጋፔ» ከሚባለው ጋር አንድ ሥር ያለው ሲሆን፣ በዚህ ንባብ ውስጥ ትርጉሙ ለሌላው ሰው በጎውን መፈለግና ማድረግ ነው። አሜሪካዊው ሰባኪ ማርቲን ሉተር ኪንግ ቤቱ በቦምብ ከተመታ ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በኅዳር ወር 1957 እ.ኤ.አ. በሞንትጎመሪ ከተማ በዚሁ ርእስ ሲሰብክ ያጎላው ነጥብ ይህ ነበር፤ ቤትህን በቦምብ የሚመታ ሰው ደስ ሊልህ አይችልም፣ ደስ እንዲልህም አልታዘዝክም፤ የታዘዝከው ሌላ ነገር ነው።

ያ ሌላ ነገር ምን እንደሆነ ንባቡ ራሱ ይዘረዝረዋል። በማቴዎስና በሉቃስ ወንጌል ከ«ውደዱ» በኋላ የሚከተሉት ግሦች መርቁ፣ መልካም አድርጉ፣ ጸልዩ፣ አበድሩ የሚሉ ናቸው። ቅዱስ ጳውሎስ በሮሜ መልእክቱ ምዕራፍ 12 ከመጽሐፈ ምሳሌ ጠቅሶ ጠላትህ ቢራብ አብላው፣ ቢጠማ አጠጣው ይላል። ከእነዚህ ሁሉ ውስጥ ልባዊ መሳብን የሚጠይቅ አንድም የለም፤ ሁሉም በእጅ፣ በአፍና በኪስ የሚሠሩ ናቸው። ምክንያቱም የተሰጠው ከዚሁ ጋር ነው፤ እግዚአብሔር «በክፉዎችና በበጎዎች ላይ ፀሐይን ያወጣልና፥ በጻድቃንና በኃጢአተኞችም ላይ ዝናቡን ያዘንባልና» ይላል። ዝናብ በሚጠበቅበት አገር ለሚኖር ሰው ይህ ምሳሌ ትንሽ የሚያናድድ እንደሆነ መቀበል አለብን፤ ድንበር እየገፋ መሬቴን የወሰደብኝ ጎረቤት ማሳም እንደ እኔው ማሳ እኩል ዘነበለት ማለት ነውና።

በዚያ ተራራ ላይ የተቀመጡት አድማጮችም «ጠላት» ሲባል ማንን እንደሚያስቡ አልጠፋቸውም ነበር። አገራቸው በሮም ግዛት ሥር ነበረች። ከጥቂት ቁጥሮች በፊት የተጠቀሰው «አንድ ምዕራፍ ትሄድ ዘንድ ማንም ሰው ቢያስገድድህ» የሚለው አነጋገር (ምዕራፍ እዚህ ላይ የመንገድ ርቀት ነው) የሮም ወታደር ያገኘውን መንገደኛ ይዞ ሸክም የሚያሸክምበትን አሠራር የሚያመለክት ነው፤ የቀሬናው ስምዖን መስቀሉን እንዲሸከም ሲገደድ ወንጌሉ የሚጠቀመውም ይህንኑ ግሥ ነው። ከአሥራ ሁለቱ ደቀ መዛሙርት መካከልም ግብር ይሰበስብ የነበረው ማቴዎስና ቀናተኛ (ብዙዎች የሮምን አገዛዝ አጥብቆ የሚቃወም ማለት ነው ይላሉ) የሚባለው ስምዖን በአንድ ማዕድ ይቀመጡ ነበር። ሁለቱ በመጀመሪያው ሳምንት ምን ተባብለው እንደነበር ወንጌሉ ባይነግረንም መገመት አያዳግትም።

ከዚህ ቀጥሎ መታረም የሚገባው የተለመደ አረዳድ አለ። ጠላትን መውደድ ማለት በደልን ዝም ብሎ መቀበል፣ ክፉን ክፉ አለማለት ነው የሚል። ቀኝ ጉንጭህን ቢመታህ ሁለተኛውን አዙርለት ያለው ጌታ ራሱ በሊቀ ካህናቱ ግቢ በአንድ ሎሌ በጥፊ በተመታ ጊዜ ምን እንዳደረገ የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ይነግረናል። ዝም አላለም፤ መልሶም አልመታም። «ክፉ ተናግሬ እንደ ሆንሁ ስለ ክፉ መስክር፤ መልካም ተናግሬ እንደ ሆንሁ ግን ስለ ምን ትመታኛለህ?» ብሎ ጠየቀ። በዚህ ጥያቄ ውስጥ በደሉ በስሙ ተጠርቷል፣ መቺውም ምላሽ መስጠት እንደሚችል ሰው ተቆጥሯል። እንዲያውም እንደ ሰው ተቆጥሮ ምክንያቱን መጠየቁ ለዚያ ሎሌ በሕይወቱ የመጀመሪያው ሊሆን ይችላል።

ይቅርታና እርቅም አንድ አይደሉም፤ በዚህ ላይ በሽምግልና የተቀመጡ ሰዎች ብዙ ጊዜ ሲሳሳቱ ይታያል። ይቅርታ ከአንድ ወገን ሊወጣ ይችላል፤ እርቅ ግን ሁለት ወገን ይጠይቃል፣ በእኛም ባህል ካሳና የበዳዩን «አጥፍቻለሁ» ማለት ይጠይቃል። ጳውሎስ «ቢቻላችሁስ በእናንተ በኩል ከሰው ሁሉ ጋር በሰላም ኑሩ» ሲል «ቢቻላችሁ» እና «በእናንተ በኩል» የሚሉትን ሁለት ገደቦች የጨመረው በከንቱ አይደለም። በኦሪት ዘፍጥረት ዮሴፍ ለሸጡት ወንድሞቹ በመጀመሪያው ጉዟቸው እህል ሰፍሮ ሰጣቸው፤ ማንነቱን የገለጠላቸው ግን ብዙ ቆይቶ፣ ይሁዳ በብንያም ፈንታ ራሱን ለባርነት ሲያቀርብ ካየ በኋላ ነው። እህሉ ፍቅር ነው፤ መዘግየቱም ፍቅርን የሚቃረን አይደለም። ስለዚህ ባሏ የሚደበድባትን ሴት «ክርስቲያን አይደለሽም ወይ፣ ይቅር በይና ግቢ» ብሎ ወደዚያው ቤት የሚመልስ ሽማግሌ ይህን ትምህርት እየጠቀሰ የሚናገረው ትምህርቱን አይደለም። ለበዳዩ በጎ መመኘት አንድ ነገር ነው፤ የበደሉን መንገድ ክፍት ትቶ መተኛት ሌላ ነገር ነው፣ ለበዳዩም በጎ አይደለም።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ሃይማኖተኛ መልክ የያዘ በቀል አለ። «እኔ ምንም አላደርገውም፣ ለእግዚአብሔር ሰጥቼዋለሁ» የሚለው አነጋገር ከሮሜ መልእክት ጋር የሚስማማ ይመስላል፤ በዚያ «በቀል የእኔ ነው» ያለው እግዚአብሔር ነውና። ነገር ግን አንዳንዴ ይህ ቃል ሲነገር ከድምፁ የሚሰማው ጉዳዩን መተው ሳይሆን ጉዳዩን ከፍ ወዳለ ፍርድ ቤት ማሳደግ ነው፤ ታቦት ሥር ወድቆ «ፍረድልኝ» ብሎ ተስሎ፣ ከዚያ በኋላ የጎረቤቱን በር በዓይኑ እየጠበቀ የሚኖር ሰው አለ። ጳውሎስ ወዲያው ቀጥሎ የሚናገረው «በራሱ ላይ ፍም ትከምራለህ» የሚለው ቃልም ለዚህ ዓይነት ሰው ደስ የሚያሰኝ ይመስላል። እንደ አውግስጢኖስ ያሉ የቀደሙ መምህራን ግን ፍሙን በደለኛው ልብ ላይ የሚነድድ የጸጸት እሳት አድርገው ተርጉመውታል፤ የምዕራፉ መደምደሚያ «ክፉውን በመልካም አሸንፍ» የሚል ስለሆነም ትርጓሜያቸው ከንባቡ ጋር ይገጥማል። አባቶቻችን «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ያሉት ለዚህ ነው፤ የሚያስለው ሌባ በገዛ ጉሮሮው እንደሚያዝ፣ ቂመኛውም በገዛ ጸሎቱ ይያዛል። «የበደሉንን ይቅር እንደምንል» እያለ ነውና የሚጸልየው።

እዚህ ላይ ዳዊት የሚደግም ሰው የሚያነሣው እውነተኛ ጥያቄ አለ። በመዝሙረ ዳዊት ውስጥ፣ በተለይም በእኛ ቁጥር 108ኛው መዝሙር ላይ፣ የጠላት ዘመን እንዲያጥር፣ ልጆቹም ድሀ አደግ እንዲሆኑ የሚለምን ጸሎት አለ። ይህን በጠዋት ደግሞ ማታ ጠላትን መውደድ እንዴት ይቻላል? ከቀደሙት መምህራን ብዙዎቹ የሰጡት መልስ ጠላት የተባለው ዲያብሎስና ኃጢአት ነው የሚል ነው፤ ጳውሎስም ለኤፌሶን ሰዎች መጋደላችን ከደምና ከሥጋ ጋር አይደለም ብሏል። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን አነጋገርም «ጠላት» ያለ ተጨማሪ ሲነገር አብዛኛውን ጊዜ ዲያብሎስ ማለት ነው። ከዚህ አረዳድ የሚወጣው ነገር ቀላል አይደለም፤ የሚጠላኝ ሰው ዋናው ጠላት መሆኑ ይቀርና በዋናው ጠላት የተማረከ ሰው ይሆናል።

የእኛ ትውፊት ግን ከዚህም አልፎ ሄዷል። በጣና ሐይቅ ጓንጉት ገዳም የምትታወቀው ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ በገድሏ እንደሚነገረው ለራሱ ለዲያብሎስ ምሕረት ለመነች። የሰው ልጅ ሁሉ የሚሰቃየው በዚህ ጥል ምክንያት ከሆነ ጥሉ ከምንጩ እንዲበርድ ፈልጋ፣ ከቅዱስ ሚካኤል ጋር ወደ ሲኦል በር ወርዳ «ታረቅ» ብላ ጠራችው። እርሱ ግን እጇን ይዞ ወደ ውስጥ ጎተታት፤ ሚካኤል በሰይፉ አስጥሎ አወጣት፣ ከእርሷም ጋር ብዙ ነፍሳት ተከትለው ወጡ። ይህን ታሪክ ሰዎች እንደ አስደናቂ ተአምር ብቻ ሲተርኩት እሰማለሁ። እኔ ግን በአንድ ነገር እገረማለሁ፦ ተራኪው ጠላቷ እንዲለወጥ አላደረገውም። ፍቅሯ በጠላቷ ላይ አልሠራም፤ በሌሎች ላይ ሠራ። ጠላትን መውደድ ጠላትን ወዳጅ የሚያደርግ ብልሃት ነው ብለው ለሚሰብኩ ሰዎች ከዚህ የበለጠ እርማት ያለ አይመስለኝም።

ትምህርቱ ከግለሰብ ወደ አገርና ወደ ጦርነት ሲሸጋገር ክርስቲያኖች ራሳቸው አልተስማሙም። አውግስጢኖስ ትእዛዙ የሚገዛው ይበልጥ የልብን ዝንባሌ እንደሆነና ባለሥልጣን ያለ ጥላቻ ክፉን በኃይል ሊገታ እንደሚችል አስተማረ፤ አብዛኞቹ የምዕራብ አብያተ ክርስቲያናት ይህን መንገድ ተከተሉ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከተነሡት፣ የሕፃናትን ጥምቀት ካልተቀበሉት አናባፕቲስቶች ብዙዎቹ ግን ሰይፍ ጨርሶ መያዝ የለበትም አሉ፤ በአገራችን የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሥሯ ከዚህ ወገን ከሜኖናውያን የሚመዘዝ ነው። ከአናባፕቲስቶቹ መካከል በሆላንድ አስፐረን በምትባል ከተማ ታስሮ የነበረው ዲርክ ቪለምስ በ1569 እ.ኤ.አ. ጨርቅ ቋጥሮ ባዘጋጀው ገመድ ወርዶ አመለጠና በስስ በረዶ የተሸፈነ ውኃ ተሻገረ፤ የእስር ቤት ምግብ አክስቶት ስለነበር በረዶው ቻለው። ያሳድደው የነበረው ሰው ግን በረዶው ተሰብሮ ውኃው ውስጥ ገባ። ዲርክ ተመልሶ አወጣው። የዳነው ሰው ሊለቀው ፈልጎ ነበር፤ ከማዶ የቆመው የከተማው ሹም ግን መሐላህን አስብ ብሎ ጮኸበት፣ ዲርክም ተይዞ በዚያው ዓመት ግንቦት ወር በእሳት ተቃጠለ።

በኢትዮጵያ ታሪክ ሁለቱ ገጽታዎች፣ ክፉን መቃወምና ክፉን በክፉ አለመመለስ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ጎን ለጎን ይታያሉ። አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡ ለፋሺስት ወራሪ እንዳይገዛ ገዝተው ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ተረሸኑ። በቀጣዩ ዓመት የካቲት 12 እና ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት በከተማዋ የተፈጸመው ጭፍጨፋ የታወቀ ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1933 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ በርካታ ሺህ ጣልያናውያን፣ ሴቶችና ሕፃናት ጭምር፣ አሁንም በከተማዋ ነበሩ፤ ዘመዶቻቸው የተቃጠሉባቸው ሰዎችም እንዲሁ። ንጉሠ ነገሥቱ በዚያ ቀን ባደረጉት ንግግር ሕዝቡ ክፉን በክፉ እንዳይመልስና ጠላት የሠራውን ግፍ እንዳይደግም አዘዙ። በዚህ ውስጥ የፖለቲካ ስሌት አልነበረም ማለት የዋህነት ይሆናል፤ እንግሊዞች አጠገባቸው ነበሩ፣ ዓለምም ይመለከት ነበር። ቢሆንም የተመረጠው ቃል የጳውሎስ ቃል ነው፤ ያደመጠውም ሕዝብ ከየት እንደመጣ ሳይነገረው የሚያውቀው ቃል ነበር። መቃወምና መጥላት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ማሳየት ለሚፈልግ መምህር የአቡኑን ግዝትና የዚያን ቀን ትእዛዝ አብሮ ከማንበብ የተሻለ ምሳሌ አላገኝለትም።

በቅርቡ ዘመንም ለኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን እኅት በሆነችው በግብጽ ኮፕት ቤተ ክርስቲያን፣ በ2017 እ.ኤ.አ. በሆሣዕና ዕለት በእስክንድርያ የቅዱስ ማርቆስ ካቴድራል በር ላይ አጥፍቶ ጠፊው ሊገባ ሲል የጥበቃ ሠራተኛው በመፈተሻው በኩል እንዲያልፍ መለሰው፤ ፍንዳታው በዚያው ሆኖ ጠባቂው ሞተ። ከቀናት በኋላ መበለቱ ልጆቿን አጠገቧ አድርጋ በቴሌቪዥን ቀርባ ገዳዩን ይቅር እንዳለችውና እግዚአብሔርም ይቅር እንዲለው እንደምትለምን ተናገረች። ቃለ ምልልሱን በስቱዲዮ ያስተላልፍ የነበረው ሙስሊም ጋዜጠኛ ለረጅም ሰከንዶች መናገር አቅቶት ዝም አለ። እርሷ ግን ለሞተ ሰው ነበር የምትለምነው፤ ሊታረቃት፣ ሊክሳት ወይም ሊጸጸት የማይችል ሰው ነው።

ለአብዛኞቻችን ነገሩ ከዚህ እጅግ ያነሰ ነው፤ የውርስ ክርክር፣ የድንበር ጉዳይ፣ አሥር ዓመት ያስቆጠረ ኩርፊያ። ከተዘረዘሩት ግሦች ውስጥ «ጸልዩ» የሚለው ከሁሉ የቀለለ ይመስላል፣ ማንም ሳያይ ይፈጸማልና። በእኛ ሥርዓት ግን ለሰው ጸሎት የሚያስይዝ ሰው የክርስትና ስሙን ማወቅ አለበት፤ ካህኑ የሚቀበለው በዚያ ስም ነው። የባላንጣን የክርስትና ስም ደግሞ ብዙ ሰው አያውቀውም። ስለዚህ ሊጸልይለት የወሰነ ሰው ወይ እናቱን፣ ወይ እኅቱን፣ ወይ ራሱን መጠየቅ ይኖርበታል፤ ለመጠየቅም ሰላምታ መስጠት አለበት። ከዚያም ስሙ ከታመመችው አክስትና ለፈተና ከሚቀመጠው ልጅ ስም ጋር በአንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ይጻፋል። ካህኑ በየተራ እየጠራ ሲያሳርግ የትኛው የወዳጅ፣ የትኛው የጠላት ስም እንደሆነ አይለይም።